ማሽን ነው ብዬ ወደ ከሰስኩት ሰው ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አምስተርዳም ኒው ዌስት ካለው ቤቴ ስወጣ ባለቤቴ ዳንኤል በፎይል የጠቀለለውን ሳንድዊች ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝና «ጽጌ፣ ከተቆጡሽ ዝም ብለሽ ስሚ» አለኝ። ቁጣ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። የመስከረም መጀመሪያ ነበር፤ ነፋሱ የብስክሌቶችን ሽፋን ያንኳኳል፣ ዝናብ ግን አልነበረም።

የምሄደው ዴን ሃግ ነው፤ አገር ቤት ዘ ሄግ የምንላት ከተማ። እዚያ አንድ በመልክ የማላውቃቸው ሽማግሌ ይኖራሉ። የኢንተርኔት ፖከር አካውንታቸው የታገደው በእኔ ክስ ነው። ይህንን ፊት ለፊት ልነግራቸው ነበር የተነሳሁት።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሥራዬ ቲስዞርግ ነው፤ አረጋውያንንና ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ሰባት ሳምንት ሶፋ ላይ ስቀር በስልኬ ፖከር ጀመርኩ። ድረ ገጹ ገና ስትመዘገቡ በወር ከዚህ በላይ አላስገባም የምትሉትን መጠን ያስሞላችኋል። እኔ ሃያ ዩሮ ብዬ ሞላሁ፤ እስካሁንም አልጨመርኩም። በመጀመሪያው ዓመት ሃያዋ በሳምንት ውስጥ ታልቅ ነበር። ጨዋታው ዕድል ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት አማርኛ ተናጋሪ የሆኑ የፖከር ተማሪዎች ቡድን ካገኘሁ በኋላ ነው። አምስት ነን፤ ሁላችንም ሆላንድ እንኖራለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያለ ገንዘብ፣ በልምምድ ጠረጴዛ ላይ እንጫወታለን። ከዚያ ያጠፋነውን አንድ በአንድ እናነሳለን።

ከአምስታችን አንዱ ድምፁን አሰምቶን አያውቅም ነበር። በጠረጴዛው ላይ ስሙ «ዝግታ» ነው። የሚመልሰው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ አጭር፣ ንጹሕ አማርኛ። እኩያችን መስሎን አንተ እንለው ነበር። በጣም ጎበዝ ነው። ቡድኑ ውስጥ ያለችው የመረጃ ትንተና ተማሪ፣ የሮተርዳሟ ቤዛ፣ አንድ ቀን ልምምዳችንን ቀርጻ የእያንዳንዳችንን የውሳኔ ጊዜ ለካች። እኔ አንዳንዴ በሁለት ሰከንድ፣ አንዳንዴ በሠላሳ እወስናለሁ። ዝግታ ግን ሁልጊዜ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሦስት ሰከንድ ነው። «ፕሮግራም እየተጫወተለት ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ የገባን ያኔ ነው።

ከሳምንት በኋላ የአምስት ዩሮ መግቢያ ባለው ውድድር ላይ እኔና ዝግታ ብቻችንን ቀረን። እንዲህ ርቄ ሄጄ አላውቅም። በመጨረሻው ካርታ ላይ እጄ ባዶ ነበር። ቢሆንም ያለኝን ቺፕ በሙሉ ገፋሁ፤ ብለፍ የሚባለው ማስፈራሪያ ነው። ሰው ሆኖ ይህን የሚቀበል የለም ብዬ ነበር። አሥራ ሁለት ሰከንድ ቆጠረና በአንድ ጥንድ ዘጠኝ ተቀበለኝ። ተሸነፍኩ። በንዴት የክስ ቅጹን ከፍቼ «ይህ ተጫዋች በፕሮግራም ይጠቀማል» ብዬ ጻፍኩ፤ የቤዛንም ሠንጠረዥ አያያዝኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ቡድኑ ላይ «አካውንቴ ታግዷል። እሑድ አልመጣም። አመሰግናለሁ» የሚል መልእክት ተነበበ። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ምንም የለም። እንቅልፍ ባይነሳኝም ሥራ ላይ፣ የሰው ካልሲ ሳጠልቅ፣ ትዝ ይለኝ ጀመር። በመጨረሻ ለብቻው ጻፍኩለት፦ «ልጠይቅህ መምጣት እችላለሁ?» መልሱ በማግስቱ መጣ። «ልጄ፣ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ነይ። ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ነኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ የትም አልሄድም።» ከሥሩ አድራሻውና ስሙ ነበር፦ ሃብቶም።

ልጄ የሚለውን ቃል ሳነብ ፊቴ ጋለ።

ወደ ሮተርዳም

ከሌሊላን ጣቢያ ስኺፖል፣ እዚያ ባቡር ቀይሬ በላይደን በኩል። ፈጣኑ ባቡር ጭማሪ ስለሚያስከፍል ቀርፋፋውን መረጥኩ፤ ያም ሆኖ መንገዱ እስከ ሮተርዳም ሃያ ዩሮ ገደማ ነው። ከላይደን በኋላ ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ላሞቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ጎን አዙረው ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተዋል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት ከአንድ ሣጥን ወይን እየቆነጠሩ ይበላሉ።

ባቡሩ ዴን ሃግ ሲቆም በሩ ተከፈተ። እዚያው ወርጄ በቀጥታ መሄድ እችል ነበር። እግሬ አልታዘዘልኝም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ቤዛ ጋ ሄጄ ሠንጠረዡን እንደገና ላየው ነው የሚል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋተኛ እንዳልሆንኩ የሚያሳይ ነገር ፍለጋ ነው። ሰውዬው በእርግጥ በፕሮግራም ተጫውተው ከሆነ ይቅርታው ይቀርልኛል።

አራት ሰዓት ተሩብ ላይ ሮተርዳም ደረስኩ። በሜትሮ በወንዙ ሥር አልፌ ደቡብ ሮተርዳም ወጣሁ። ቤዛ ከሁለት ተማሪዎች ጋር በምትጋራው ቤት በር ላይ በካልሲ ጠበቀችኝ። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው ወደዚህ የመጣችው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ስትቸኩል ግን ወደ ደች ይንሸራተታል።

ከታች ካለው የሱሪናሞች ሱቅ ሁለት ሮቲ፣ ማለት ቂጣ ከድንች ወጥ ጋር፣ ገዝተን ወጣን፤ ሁለቱ አሥራ ስምንት ዩሮ። ድንቹን በጣታችን እያነሳን ላፕቶፗን ከፈተች።

«እይ» አለችኝ፣ ጣቷን እየላሰች። «ይሄ ቀላል ውሳኔ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰከንድ። ይሄ ከባድ ነው፤ አሥራ ሦስት። ሄል ራር! በጣም ይገርማል። ሰው እንደዚህ አይደለም።»

«ታዲያ ፕሮግራም ነው ትያለሽ?»

«አላውቅም። ውሳኔዎቹን በሶልቨር አየኋቸው።» ሶልቨር ማለት በእያንዳንዱ ሁኔታ ላይ ትክክለኛውን አጨዋወት የሚያሰላ ፕሮግራም ነው፤ እኛም ከጨዋታ በኋላ ለመማር እንጠቀምበታለን፤ በጨዋታ መሀል መክፈት ግን ክልክል ነው። «ብዙው ይገጥማል። ግን የማይገጥምም አለ። አንቺን በዘጠኝ የተቀበለበት አይገጥምም። ሶልቨሩ ውጣ ነው የሚለው።»

ሮቲውን አስቀመጥኩ። «ይህን መቼ ነው ያየሽው?»

«ትናንት። አንቺ ልሄድ ነው ስትይኝ።»

ያኔ ነገርኳት። ክሱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የእሷንም ሠንጠረዥ እንዳያያዝኩ። ቤዛ ላፕቶፑን ዘጋችው።

«የእኔን ሠንጠረዥ? ሳትጠይቂኝ?»

«ሳልጠይቅሽ።»

ተነሥታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ልታስወጣኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ያዝኩ። «እኔም እመጣለሁ» አለች። «ቁጥሩ የኔ ነው። በስንት ሰዓት ነው የቀጠረሽ?»

«በስምንት።»

«አኽት ዩር? ማታ?»

«በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በደቹ ሁለት ሰዓት።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

በባቡር ላይ

ስድስት ሰዓት ተሩብ ላይ ከሮተርዳም ተነሣን። በስኺዳምና በዴልፍት መካከል ስለ ጨዋታው አወራን፤ ሌላውን ላለማንሣት ይሁን አላውቅም።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኳት። «ማሽኑ ሁሉን ካወቀ እኛ ለምን እንማራለን?»

ቤዛ መስኮቱን እያየች አሰበች። «ኢንተርኔት ላይ እየከበደ ይሄዳል። በድብቅ በፕሮግራም የሚጫወቱ ይበዛሉ፣ ድረ ገጾቹም የሚይዙበትን መንገድ ይፈልጋሉ። አሁንም የጠረጠሩትን ሰው ቪዲዮ ላክ ይሉታል፤ እየተጫወትክ፣ ለምን እንደወሰንክ እየተናገርክ። ይሄ አይቆምም።» ከዚያ ዞር አለች። «ግን ድሮ ይሄንን ትምህርት የሚያገኘው ሀብታም ብቻ ነበር። አሁን እኔ በስልኬ እማራለሁ፣ አንቺ በምሳ ሰዓትሽ ትማሪያለሽ። ኸዎን፣ ዝም ብሎ ሁሉም ሰው የተሻለ ይጫወታል። የሚጠፋ አይመስለኝም። ሰዎች እየተያዩ ወደሚጫወቱበት ይመለሳል ብዬ አስባለሁ።»

እኔ በዚያ ዓመት የተሻሻልኩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። መሸነፌን እያወቅኩ «ምን ይዞ ነው?» ለማለት ብቻ መክፈሌን አቁሜአለሁ። ይህን አንድ ልማድ ለመተው ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ለቤዛ ስነግራት «ስምንት ወር ፈጣን ነው» አለችኝ፣ በቁም ነገር።

ትራንስቫል፣ ገበያው

ባዶ እጅ መሄድ አይሆንም። ከዴን ሃግ ጣቢያ በትራም ወደ ትራንስቫል ሄድን፤ ቅዳሜ ገበያው ሙሉ ነው። ሻጮቹ በደችም በዐረብኛም በቱርክኛም ይጣራሉ፤ መተላለፊያው በሕፃናት ጋሪና ባለ ጎማ ዘንቢል ተጨናንቋል። አንድ ሣጥን ማንጎ በስድስት ዩሮ ገዛሁ፤ ሻጩ ሦስት ለስላሳ የሆኑትን አውጥቶ በጠንካራ ቀየረልኝ። ቤዛ የተጠበሰ ዓሣ ልግዛ አለች፤ ጠረኑን ይዘን የሰው ቤት አንገባም አልኳት።

በአውቶቡሱ ውስጥ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ የምናገረውን ደጋግሜ አሰላሰልኩ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ በቀጥታ። ማመካኛ የለም። ቤዛ አንዴ ክንዴን ነካ አድርጋ «ስለ ሠንጠረዡ እኔ ልናገር?» አለችኝ። «አይ፣ ሁሉንም እኔ» አልኳት።

ሙርዋይክ፣ ስምንት ሰዓት

ሙርዋይክ ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች የተደረደሩበት ሰፈር ነው፤ በየበረንዳው የታጠበ ልብስ ይውለበለባል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈቱልን ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ወይዘሮ ለተብርሃን፣ የጋሽ ሃብቶም ባለቤት። ማንጎውን ተቀብለው «ለምን ተቸገራችሁ» እያሉ ወደ ውስጥ አስገቡን።

ጋሽ ሃብቶም በመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ሊነሡ ሞከሩ። ቀኝ እጃቸው ጎናቸው ላይ እንደታጠፈች ቀረች። የአፋቸው ቀኝ ጫፍ በትንሹ ወርዷል። ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ጭናቸው ላይ አንድ በአንድ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ «እንኳን… ደህና… መጣችሁ» አሉ።

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በየቀኑ በሥራዬ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች አያለሁ። ቃል እስኪመጣላቸው የሚጠብቁትን እጠብቃለሁ። ለዚህ ሥራ ተምሬ ወረቀት አለኝ። በኮምፒውተር ላይ ግን አላወቅኳቸውም።

ወይዘሮ ለተብርሃን ቅመም ያለው ሻይና ሕምባሻ አቀረቡና ተቀመጡ። ባለቤታቸው ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት እንደሠሩ፣ እዚህ መጥተው ሃያ ዓመት በዌስትላንድ የአበባ ግሪንሃውስ ውስጥ እንደቆዩ፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ስትሮኩ እንደመጣ ነገሩን። «ሎጎፔዲስቷ ናት መቁጠር ያስተማረችው፤ የንግግር ሐኪሟ። ከመናገርህ በፊት በጣትህ እስከ አሥር ቁጠር ትለዋለች። ሳይቆጥር ከተናገረ ሌላ ቃል ይመጣበታል። ውሃ ሊል መስኮት ይላል።»

«እጄም… እንደዚያው» አሉ ጋሽ ሃብቶም። «ሳልቆጥር… ከነካሁ… ሌላ… እነካለሁ።»

ቤዛ ወደ እኔ ዞረች። አሥራ ሁለት ሰከንድ።

ሻዬን አልጠጣሁም። ኩባያውን አስቀምጬ «ጋሽ ሃብቶም፣ የመጣሁት ልጠይቅዎ ብቻ አይደለም» አልኩ። «በፕሮግራም ይጫወታል ብዬ ለድረ ገጹ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሸንፌ ተናድጄ ነበር። ሳላጣራ ነው የጻፍኩት። አጥፍቻለሁ።»

ጣቶቻቸው መቁጠር ጀመሩ። የመጀመሪያዋን ጣት፣ ሁለተኛዋን። ወይዘሮ ለተብርሃን ከባላቸው ቀደሙ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ተነሥተው። «ይህ ሰው አምስት ሳምንት አፉን አልከፈተም። ሲጫወት እያንዳንዱን ካርታ ጮክ ብሎ ይነግረኝ ነበር፤ እሱ ነበር ልምምዱ። ሎጎፔዲስቷ ራሷ ምን እያደረገ ነው እንዲህ የተሻለው ብላ ነበር። ከታገደ ወዲህ ኮምፒውተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። እሷም ጋ መሄዱን ተወ። አንቺን በሽተኛ አስታማሚ ናት ብሎኝ ነበር!»

ዳንኤል እንዳለኝ ዝም ብዬ ሰማሁ። ወደ ወጥ ቤት ገቡ፤ የሳህን ድምፅ ተሰማ።

ጋሽ ሃብቶም ቆጥረው ጨረሱ። «ዐውቄ… ነበር» አሉኝ።

«እኔ መሆኔን?»

«ያን ቀን… የተሸነፍሽው… አንቺ ነሻ።» ትንሽ አረፉ። «ልምጣ… ስትይ… ልትነግሪኝ… እንደሆነ… ገባኝ። ተናድጄ… ነበር። አሁንም… ትንሽ።»

«ይገባዎታል» አልኩ። ከዚያ ማቆም ሲገባኝ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ጠየቅኩ። «በዘጠኝ እንዴት ተቀበሉኝ?»

ፊታቸው ሲበራ አየሁ። በግራ እጃቸው ከመስኮቱ ደፍ ላይ ደብተር አነሡ። በግራ እጅ የተጻፈ፣ የተንጋደደ ግን ንጹሕ ጽሕፈት። ለእያንዳንዳችን ገጽ ነበረን፤ ለእኔ ሁለት። «አንቺ… ጥሩ ካርታ… ስትይዢ… ጥቂት ነው… የምትገፊው» አሉ። «እንዳንሸሽብሽ… ትፈሪያለሽ። ሁልጊዜ። ያን ቀን… ሁሉን… ገፋሽ። እንግዲህ… ባዶ ነሽ… አልኩ።»

ቤዛ በእጇ አፏን ያዘች። «ለዚህ ነው ሶልቨሩ ያልተቀበለው» አለች። «ፕሮግራሙ ጽጌን አያውቃትም።»

እኔ በበኩሌ አንድ ዓመት የተማርኩትን ያህል በዚያች ደቂቃ ተማርኩ። ደብተሩን ለማንበብ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ አነበብኩት። ሁሉም እውነት ነው።

አራት ቀን

ድረ ገጹ አካውንቱን ለመክፈት አንድ ነገር ጠይቋቸው ነበር፤ ቤዛ በባቡር የነገረችኝን ቪዲዮ። ለዚሁ ሲባል በተከፈተላቸው የልምምድ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰዓት እየተጫወቱ፣ እያንዳንዱን ውሳኔ በቃላቸው እያስረዱ። የተሰጣቸው ጊዜ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ደብዳቤውን አጥፈው ደብተሩ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር።

«አልችልም» አሉ። «ደች… ከስትሮኩ… ወዲህ… ጠፋብኝ።»

«በአማርኛ ተናገር» አለች ቤዛ። «እኔ ሁሉን በደች ጽፌ አያይዛለሁ።»

ተናገር ስትል ደነገጥኩ፤ በክርኔ ጎሰም አደረግኳት። «ይናገሩ!» አለች ተደናግጣ። «ሶሪ። አንተ… ማለቴ እርስዎ… ይናገር።» ጋሽ ሃብቶም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለመሳቅ መቁጠር አያስፈልጋቸውም።

ወይዘሮ ለተብርሃን ሳቁን ሰምተው ከወጥ ቤት ወጡ። ባላቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፤ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ላፕቶፑን አወጡና በልብሳቸው ጠርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በል» አሉ። «ሰዎቹ እያሉ ሞክር። ፖከር ያወራኸው በአማርኛ ብቻ ነው፤ እሱ አልጠፋብህም።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መቅረጽ ጀመርን። ቤዛ ስልኳን በማንጎው ሣጥን ላይ አስደግፋ እጃቸውም ፊታቸውም እንዲታይ አደረገች። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከባድ ነበሩ። ካርታ ይመጣል፣ ይቆጥራሉ፣ «እወጣለሁ… ደካማ… ነው» ይላሉ። ቀስ በቀስ ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ። «ይህ ሰው… ከእኔ በፊት… ዝም ብሏል። ስለዚህ… እገፋለሁ።»

ሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ቃል ጠፋባቸው። ካርታቸውን እያዩ «ሁለት…» አሉና ቆሙ። ቆጠሩ። «ሁለት… መርፌ…» አሉ፤ እንዳልሆነ ዐወቁና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ግንባራቸው ወዛ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ካርታው ፊት ለፊቴ ነው። አፌን ስከፍት ወይዘሮ ለተብርሃን እጄን ያዙኝ። አጥብቀው ያዙኝ። ለውሳኔው የተሰጣቸው ጊዜ እያለቀ ነበር።

«ኩዊን» አሉ ጋሽ ሃብቶም። «ሁለት… ኩዊን… ይዣለሁ። እገፋለሁ።»

ገፉ። ተሸነፉም፤ ያኛው ሁለት ኪንግ ይዞ ነበር። «ውሳኔው… ግን… ትክክል ነው» አሉ ወደ ካሜራው ቀና ብለው። «ነገም… ቢመጣ… እገፋለሁ።»

ሰዓቱ ሲሞላ ቤዛ መቅረጹን አቆመች። «ያን ቃል የጠፋበትን… የጠፋብዎትን ቦታ ልቁረጠው?» ብላ ጠየቀች።

ጣቶቻቸው ተንቀሳቀሱ። «ይቆይ» አሉ። «እሱ ነው… እኔ መሆኔን… የሚያሳየው።»

መመለሻ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንወጣ ወይዘሮ ለተብርሃን ሁለት ማንጎና ግማሽ ሕምባሻ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ። ይቅርታ አደረግኩልሽ አላሉኝም። «ሰኞ ሎጎፔዲስቷ ጋ እደውላለሁ» አሉኝ ብቻ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም። ቤዛ ወደ ሮተርዳም፣ እኔ ወደ አምስተርዳም ተለያየን። በባቡሩ ውስጥ የዳንኤልን ሳንድዊች አገኘሁት፤ ሳልነካው ውዬ ነበር። ላይደን ሳንደርስ ጨረስኩት።

ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ለቡድኑ ሁሉንም ጻፍኩ። አንዱ አባል «አሳፋሪ ነው» ብሎ መለሰ፤ ልክ ነው። ተመካክረው አራት እሑድ እንዳልጫወት፣ ቁጭ ብዬ እንዳዳምጥ ወሰኑ። አዳመጥኩ። ሳልጫወት ሌሎች ሲያስቡ መስማት ከጠበቅኩት በላይ ጠቀመኝ። አሁን ጥሩ ካርታ ስይዝም ደፍሬ እገፋለሁ።

አካውንቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ተከፈተ፤ ሁለት መስመር ደብዳቤ፣ ይቅርታ የሌለበት። ቤዛ ቪዲዮውን አይታ ለትምህርት ቤቷ ሥራ አንድ ነገር ጀምራለች፦ ማሽንን ለመያዝ የሚሠራ መለኪያ በስህተት የሚይዛቸው እነማን እንደሆኑ ማጥናት። ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ጉዞ የያዝኩት ግን ይህ ነው፤ ከማሽኑ የምማረውን እማራለሁ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ግን ሰው ነው ብዬ እጀምራለሁ፤ ተሳስቼ ከሆነም የሚከፈለውን እከፍላለሁ።

በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ አምስታችንም ሙርዋይክ በሚገኘው የሰፈር ማዕከል ተገናኘን። አዳራሹ ነጻ ነው፤ ሻይ በአንድ ዩሮ። ካርታውን ቤዛ አመጣች፣ ቺፕ አልነበረንምና በደረቅ ባቄላ ተጫወትን። ወይዘሮ ለተብርሃን ከባላቸው ጀርባ ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ ለእኔም ሻይ ቀዱልኝ። የጋሽ ሃብቶም ባቄላ በሙሉ በአንድ ጨዋታ ሄደ። ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ ቆጠሩ፤ ሁላችንም ጠበቅን።

«እስቲ… ንገሩኝ» አሉ። «የት ነው… ያጠፋሁት?»

አምስታችንም፣ እሳቸውም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመርን።